ሳላይ የፈረምኩት ፎርም

ዛሬ ከፖለቲካው ትንሽ ገለል ብዬ ስለ እንጨት ልጻፍ። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ሁላችንም የመቶኛ ባለሙያ እንሆናለን። ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ስንት አለፈ፣ የትኛው ትምህርት ቤት አንድም ሳያሳልፍ ቀረ፣ ጥፋቱ የማን ነው እያልን ሳምንት እንከራከራለን። ስለቀሩት ዘጠና ምናምን በመቶ ግን አንዲት ዐረፍተ ነገር ጽፈን እናልፋለን፦ «ቴክኒክና ሙያ ይግቡ።»

እኔ ቴክኒክና ሙያ የገባሁ ሰው ነኝ። አዳማ ውስጥ፣ ወደ ወንጂ መውጫ በኩል፣ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። በር፣ መስኮት፣ ቁም ሳጥን፣ የወጥ ቤት ካቢኔት እንሠራለን። ያቺ ዐረፍተ ነገር ከተባለች በኋላ ምን እንደሚከተል ከውስጥ አውቀዋለሁ። እንዲያም ሆኖ ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ ውጤቷ 50 ሳይሞላ ቀርቶ «ጋሼ፣ እንጨት ሥራ ልማር» ብላ ስትመጣ፣ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «አይሆንም» የሚል ነበር።

«ለምን?» አለችኝ።

«ከባድ ነው። ለሴት ልጅ አይመችም። ሌላ ነገር ፈልጊ።»

ልጅቷ ዝም ብላ አየችኝና «አንተ አሥር ዓመት እኛን ያበላህበት ሥራ ለእኔ ለምን ያንሳል?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ቤት ስገባ ግን መልሱን አውቀው ነበር። ሥራው ከባድ ስለሆነ ወይም እሷ ሴት ስለሆነች አልነበረም። በ2014 ዓ.ም. በራሴ ሥራ ቤት የደረሰ አንድ ነገር ነበር። እስካሁን ለብዙ ሰው አልተናገርኩትም። ዛሬ ልናገረው።

መጀመሪያ ግን የራሴን መንገድ ባጭሩ። የ10ኛ ክፍል ፈተና በነበረበት ዘመን፣ በ2002 ዓ.ም. ተፈትኜ መሰናዶ የሚያስገባ ነጥብ አላመጣሁም። ኮሌጅ ገብቼ እንጨት ሥራ ተመደብኩ። ተመደብኩ ነው የምላችሁ፤ አልመረጥኩም። ክፍሉ ውስጥ ብዙ ነበርን፤ መላጊያው ሦስት ነበር። ከሦስቱ የአንዱ ምላጭ ጥርስ አውጥቷል። መምህራችን ጥሩ ሰው ነበሩ፤ የማያያዣ ዓይነቶችን በሰሌዳ ላይ አሳምረው ይስሉልናል። እኛም ደብተራችን ላይ አሳምረን እንገለብጣለን። የወንዴና ሴቴ ማያያዣን በእርሳስ ብትጠይቁኝ ዓይኔን ጨፍኜ እሥለው ነበር። በመሮ አንድ ቀን እንኳ በሥርዓቱ ቆፍሬ አላውቅም።

ከዚያ ለትብብር ሥልጠና ደብዳቤ ተሰጠኝና አንድ አሮጌ የእንጨት ሥራ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁላችንም «ኦቦ» እያልን ነበር የምንጠራቸው። ደብዳቤዬን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና አንድ መሮ ሰጡኝ። «ሳለው» አሉ። ሳልኩት። በእጃቸው ላይ ያለውን ፀጉር ሊላጩበት ሞከሩ፤ አልቆረጠም። «ሱታ» አሉኝ፤ ቀስ በል። እንደገና ሳልኩት። ሦስት ሳምንት መሮና መላጊያ ስል ቆየሁ። በልቤ «እኚህ ሰውዬ ነጻ ጉልበት አገኙ» እያልኩ አማርር ነበር። በአራተኛው ሳምንት የመጀመሪያውን የወንዴና ሴቴ ማያያዣ ቆፍሬ ስገጥም ያለ ኮላ ያዘ። ያን ቀን ነው ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተቀምጬ ያላገኘሁትን ነገር ያገኘሁት። ደንዝ መሮ ጉልበት ይጠይቃል፤ ጉልበት ስታበዛ ይስታል፤ ሲስት እጅህን ያገኝሃል። ስለት የደህንነት ጉዳይ መሆኑን ማንም አልነገረኝም ነበር።

ወደ 2014 ዓ.ም. ልመለስ። አሁን እኔ ነኝ ባለ ሥራ ቤት። አንድ ልጅ የኮሌጅ ደብዳቤ ይዞ መጣ። ጨዋ፣ ዝምተኛ፣ ሰዓት አክባሪ ልጅ ነው። ያን ሰሞን የአንድ ሕንፃ በሮች ተረክቤ ስለነበር ጊዜ አልነበረኝም። ስል አላልኩትም። ምን ታውቃለህ ብዬም አልጠየቅኩትም። «ኮሌጅ ተምሯል» አልኩና መሰንጠቂያ ማሽኑ ላይ አቆምኩት።

ከማሽኑ ምላጭ ኋላ የምትቆም አንዲት ስስ ብረት አለች። ሥራዋ የተሰነጠቀው እንጨት ተመልሶ ገጥሞ ምላጩን እንዳይነክስ መክፈት ነው። ቦይ ለማውጣት አትመችም ብዬ እኔው ራሴ ከፈታኋት ወራት አልፈዋል። ከላይ ያለው ክዳንም መደርደሪያ ላይ አቧራ ጠጥቶ ተቀምጧል። ልጁ እየሰነጠቀ የነበረው ሞራሌ እርጥብ ነበር። እርጥብ እንጨት ሲሰነጠቅ ውስጡ ያለው ውጥረት ይለቀቅና ሁለቱ ክንፎች ተመልሰው ይጋጠማሉ። ነከሰ። እንጨቱ ወደ ኋላ ተወረወረ፣ የልጁ እጅ ወደ ፊት ሄደ። የግራ እጁ ሌባ ጣት ከላይኛው አንጓ ተቆረጠ።

ሆስፒታል እናቱ መጡ። አላለቀሱም፤ አልጮሁብኝም። ልጃቸውን አይተው ወደ እኔ ዞሩና «ልጄ፣ ይኼን ማሽን ያስተማረው ማነው? ትምህርት ቤቱ ነው፣ አንተ ነህ?» አሉኝ።

ትምህርት ቤቱ እኔ ዘንድ ይማራል ብሎ ነበር የላከው። እኔ ትምህርት ቤት ተምሯል ብዬ ነበር ያቆምኩት። መሃል ላይ ልጁ ነበር።

ከሁሉ የባሰው ይኼ አይደለም። ማታ ሥራ ቤት ተመልሼ ቦርሳውን ሳነሳ የክትትል መዝገቡ ወጣ። ከአንድ ሳምንት በፊት «ጋሼ፣ ኮሌጅ ይፈልጉታል» ብሎ ሲያመጣልኝ ቆሜ እንደ ሸቀጥ ደረሰኝ ፈርሜለት ነበር። ገለጥኩት። «የሥራ ላይ ደህንነት አጠባበቅ» ከሚለው ትይዩ «በጣም ጥሩ» የሚለው ላይ ምልክት አለ። ምልክቱ የእኔ ነው፣ ፊርማው የእኔ ነው፣ ማኅተሙም የእኔ ነው። ስለ ደህንነት አንዲት ቃል ነግሬው አላውቅም።

ለእህቴ ልጅ «አይሆንም» ያልኩት ይህን ስለማውቅ ነው። እንደኔ ያለ ሰው እጅ እንዳትወድቅ ፈርቼ ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። በአገራችን የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና አሠራር ላይ በወረቀት ብዙ ችግር የለም። በ2008 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 954 ወጥቷል። የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርም በ2014 ዓ.ም. ተቋቁሞልናል። «70 በመቶ ተግባር በድርጅት፣ 30 በመቶ ትምህርት በተቋም» የሚለውን ቀመር ማንም የኮሌጅ ተማሪ ይነግራችኋል። ሥልጠናው ሲያልቅ የብቃት ምዘና አለ፤ ልጆቹ ሲኦሲ የሚሉት። ሐሳቡ ትክክል ነው። ግን 70 በመቶው የሚሰጥበት ድርጅት ማነው? አዳማ ላይ፣ ሞጆ ላይ፣ መቂ ላይ፣ ባቱ ላይ፣ ሻሸመኔ ላይ ያለው የእንጨት ሥራ ቤት በአብዛኛው እንደ እኔው ነው፦ አንድ ባለሙያ፣ ሁለት ሦስት ረዳት፣ በቆርቆሮ የተከለለ ሼድ፣ አንድ ወይም ሁለት ማሽን፣ የሚያስቸኩል ደንበኛ። አሠልጣኝ ሆነን ተቆጥረናል፤ እንዴት ማሠልጠን እንዳለብን ግን ያሠለጠነን የለም።

የዚህ ቀመር ዘመዶች ጀርመኖች ናቸው። አዳማ ደግሞ ለጀርመኖቹ ሐሳብ እንግዳ አይደለችም። ዛሬ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ግቢ በ1980ዎቹ አጋማሽ የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ ነበር የተከፈተው፤ የሙያ መምህራንም ያሠለጠነ ቤት ነው። ዩኒቨርሲቲ ከሆነ በኋላም ጀርመናዊ ፕሬዚዳንት መርቶታል። ከጀርመኖቹ የወሰድነው ግን መቶኛውን ነው። እዚያ የእንጨት ሙያ ተለማማጅ ሦስት ዓመት ይማራል። በአንዳንድ ክፍለ ግዛቶች የመጀመሪያውን ዓመት የሚያሳልፈው በትምህርት ቤት ወርክሾፕ ውስጥ እጁን እያፍታታ ነው። ማሽን ላይ ከመቆሙ በፊት ራሱን የቻለ የማሽን ደህንነት ኮርስ ይወስዳል። ከአሠሪው ጋር ውል አለው፤ በየወሩ አበል ይከፈለዋል። የሚያሠለጥነውም ሰው ለማሠልጠን የተፈተነ ነው። እኛ ሰባውንና ሠላሳውን ይዘን መሃል ያለውን ድልድይ ትተነዋል።

ያ ድልድይ ምንድነው? ልጁ ከኮሌጅ ወጥቶ ሥራ ቤት ከመግባቱ በፊት ሊኖረው የሚገባ ዝግጅት ነው። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። እኔ አራት ነገር እላለሁ።

አንደኛው ስለት ነው። መሮና መላጊያ መሳል የማይችል ልጅ ከኮሌጅ በር መውጣት የለበትም። ለዚህ የመሳያ ድንጋይ፣ ውሃና ትዕግሥት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። መብራት ጠፋ ተብሎ የሚቀር ትምህርት አይደለም። እንዲያውም መብራት የጠፋበት ቀን ለዚህ ይመቻል።

ሁለተኛው ልክ ነው። ሜትር ማንበብ ሁሉም የሚችል ይመስለዋል። ለአንድ በር ስንት ሞራሌ፣ ስንት ጣውላ እንደሚገባ፣ የመጋዙ ውፍረት በእያንዳንዱ ቁርጥ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚበላ፣ ግድግዳው ውሃ ልኩን ካልጠበቀ ክፈፉ እንዴት እንደሚስተካከል አስልቶ በወረቀት ማውጣት ግን ሌላ ነው። የሒሳብ ውጤቱ ያላማረ ልጅ እዚህ ጋ ሒሳብ ሲገባው አይቻለሁ፤ ሒሳቡ ስለሚዳሰስ ነው።

ሦስተኛው እንጨቱን ማወቅ ነው። ይኼ በተለይ ለእኛ ለስምጥ ሸለቆ ሰዎች የህልውና ጉዳይ ነው። ከሙኔሳና ከሻሸመኔ በኩል የሚመጣልን የፈረንጅ ጥድና ፓቱላ ከደጋ ደን ነው የሚነሳው። ብዙውን ጊዜ እርጥበቱ ሳይወጣ ነው መኪና ላይ የሚጫነው። አዳማ ደግሞ የምታውቋት ናት፤ ፀሐይና ነፋስ። የአዳማ ነፋስ ተርባይን ካዞረ የእንጨት ውሃ መምጠጥ አያቅተውም። እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ ሳይሆን በወርዱ ነው የሚሰበሰበው። 20 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው እርጥብ ጣውላ ደርቆ ሲያበቃ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በላይ ሊጠብ ይችላል። መስከረም ላይ ገጥመህ ያስረከብከው በር ጥር ላይ በመገጣጠሚያው ብርሃን ያሳያል። ደንበኛው «ሌባ» ይልሃል። አልሰረቅክም፤ አላወቅክም። የቆየው የባለሙያ ልማድ በጥላ ሥር፣ በመሃሉ እንጨት እየተከለለ አየር እንዲያገኝ ተደርጎ ለተደረደረ ጣውላ በ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ይሰጣል። ሁለት ዓመት የሚጠብቅ ሥራ ቤት አዳማ ላይ የለም፤ እኔም አልጠብቅም። ቢያንስ ግን እርጥቡን ከደረቁ ለይቶ የሚያውቅ፣ ለእርጥቡ መፈናፈኛ ትቶ የሚገጥም ልጅ ያስፈልገናል። ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና የአበሻ ጥድ ከደን እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም. አዋጅ የወጣው ለምን እንደሆነም ይወቅ። ያለቀውን ሳያውቅ ያለውን አይቆጥብም።

አራተኛው ማሽን ነው። ማሽን የመጨረሻው ትምህርት ይሁን። ክዳኑ፣ ከምላጩ ኋላ ያለችው ብረት፣ መግፊያ እንጨት፣ መነጽር። ልጁ እነዚህ የሌሉበት ማሽን ላይ «አልቆምም» ማለት እንደሚችል ኮሌጁ ይንገረው። ሲልም ከጎኑ ይቁም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉትን ወጣት ሠራተኛ ብሎ ለጤናቸው አደገኛ ከሆነ ሥራ ይጠብቃቸዋል። ደብዳቤ ይዘው ከሚመጡት ልጆች ስንቶቹ በዚህ ዕድሜ ላይ እንዳሉ አስቡት።

«የኮሌጅ መምህር በየሥራ ቤቱ እየዞረ ይከታተል የለ?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ መዞር አለበት። ግን አንድ መምህር ብዙ ልጅ ይዞ በባጃጅ ከተማውን ሲያዳርስ ምን ያህል ሊያይ ይችላል? ደግሞም የእኔን ጥፋት በመምህሩ ላይ ማላከክ አልፈልግም። የማሽኑን ብረት የፈታሁት እኔ ነኝ።

ሌላም ነገር አለ፤ ከዚህ ሁሉ ሥር ያለ። እኛ ለሙያ ያለን ንቀት። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ ካስነገሩ ከመቶ ዓመት አለፈ። ስድቡ ቀርቷል፤ ንቀቱ ግን መልኩን ቀይሮ «ካልተሳካልህ ቴክኒክና ሙያ ትገባለህ» በሚለው አነጋገር ውስጥ አለ። ሙያን የወዳቂዎች ማረፊያ ካደረግነው ሦስት መላጊያ ለሠላሳ ልጅ ቢሰጥ ማን ይቆጣል? ሳያይ የሚፈርም ባለ ሥራ ቤትን ማን ይጠይቃል? ሐኪም ቤት አንድ ተለማማጅ ሐኪም ያለ አስተማሪ ቀዶ ጥገና ቢሠራ አገር ይንጫጫ ነበር። ያ ልጅ ጣቱን ሲያጣ የጠየቀችኝ እናቱ ብቻ ናት።

ከዚያ ወዲህ እኔ ቤት የተለወጠውን ልንገራችሁ፤ ትልቅ ነገር አይደለም። ብረቷ ተመልሳ ታስራለች፤ ክዳኑም ከመደርደሪያ ወርዷል። ቦይ ማውጣት ካስፈለገ ሌላ ቀን፣ በሌላ መንገድ ይሠራል። ደብዳቤ ይዞ የሚመጣ ልጅ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት መሮ ይስላል፤ አንዳንዱ በልቡ እንደሚሰድበኝ አውቃለሁ። ምሳና ትራንስፖርት ከእኔ ነው። ከሁለት በላይ አልቀበልም፤ ከሁለት በላይ ማየት ስለማልችል። መዝገቡን ዓርብ ከሰዓት ቁጭ ብለን አብረን እንሞላለን። «ይኼን አሳይተኸኛል?» እለዋለሁ። ካላሳየኝ ባዶ ይቀራል። አንድ ጊዜ አንዱ «ጋሼ፣ ባዶ ከሆነ ኮሌጅ አይቀበሉኝም» ብሎ ተለማመጠኝ። ቅዳሜ ና፣ አሳየኝና እንሞላዋለን አልኩት። መጣ።

ጣቱን ያጣው ልጅ ደህና ነው። ቢሾፍቱ አልሙኒየም ይሠራል። በበዓል በበዓል ይደውልልኛል። ስልኩ ላይ ስሙን ባየሁ ቁጥር ልቤ ይመታል። እሱ ግን «ጋሼ፣ እንኳን አደረሰህ» ነው የሚለኝ። ይቅር ብሎኛል መሰለኝ። ጠይቄው አላውቅም።

የእህቴ ልጅ ኮሌጅ ገባች። ተመድባ ሳይሆን መርጣ። ማታ ማታ እየመጣች መሮ ትስላለች። ባለፈው ሳምንት በክንዴ ላይ ሞከረችው፤ ፀጉሩን እንደ ምላጭ ወሰደው። የመጀመሪያ ሥራዋ ለእናቷ የሠራችው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ነው፤ ትንሽ ያዘነብላል፣ እናቷ ግን እንግዳ ሲመጣ እሱን ነው የምታቀርበው። ከጥቂት ወራት በኋላ ለትብብር ሥልጠና ትወጣለች። እኔ ጋ አትመጣም፤ በዘመድ እጅ መዝገብ መሙላት ሌላ ጣጣ ነውና ሌላ ሥራ ቤት እንድትሄድ ተስማምተናል።

ስለዚህ የእሷን ፎርም የሚፈርመው ሌላ ሰው ነው። አዳማ ይሁን፣ ሞጆ፣ ሻሸመኔ፣ አላውቀውም። ምናልባት ይህን ጽሑፍ እያነበብክ ያለኸው አንተ ትሆናለህ። ወንድሜ፣ ከመፈረምህ በፊት እያት።

ቸር እንሰንብት።